ብረት ቢረሳ አይፈረድበትም፣ ኮምፒውተር ግን ለምን ይረሳል?

ትናንት ማታ የ3 ሳምንት ልፋቴን በአንድ ሴቭ አጠፋሁት። እስካሁን አንጀቴ እርር እንዳለ ነው። ዛሬ ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ኮምፒውተር ላይ ሞጁላር ሲንተሳይዘር የምትሠሩ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ድምፅ የሚያመነጨው (ኦሲሌተር)፣ ድምፁን የሚያጣራው (ፊልተር)፣ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው፣ ሁሉም ለየብቻው የተቀመጠ ሳጥን ነው። ሞጁል ይባላል። ሞጁሎቹን በኬብል እያያዝን የራሳችንን የሙዚቃ መሣሪያ እንፈጥራለን። የተያያዘው ነገር በሙሉ ደግሞ ፓች ነው። ሮበርት ሙግና ዶን ቡክላ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ በብረትና በሽቦ የጀመሩት ሥራ ዛሬ ላፕቶፕ ውስጥ ገብቷል። እኔ ይሄን ነገር ከልቤ እወደዋለሁ። የሚያናድደኝም ስለምወደው ነው።

ከ5 ወር በፊት የሠራሁት አንድ ፓች ነበረኝ። 74 ኬብል አለው። ከሩቅ የሚሰማ የሰው ዝማሬ የሚመስል ድምፅ ያወጣ ነበር። አንዴ ጎላ፣ አንዴ ሰለል ይላል፤ ሁለቴ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። ትናንት ልቀጥልበት ብዬ ከፈትኩት። «2 ሞጁሎች አልተገኙም» የሚል መልእክት መጣ። በመሃል ላፕቶፕ ቀይሬ ስለነበር እሺ ብዬ አለፍኩት።

ፓቹ ሲከፈት የሁለቱ ሞጁሎች ቦታ ባዶ ነው። እሱስ ይሁን። እነሱ ላይ ተሰክተው የነበሩት 11 ኬብሎችም የሉም! ከየት ተነስተው የት ይገቡ እንደነበር የሚናገር አንድ ምልክት እንኳ አልቀረም። እኔም ግራ ገብቶኝ ወዲያ ወዲህ ስነካካ እጄ እንደ ልማዱ ሴቭ አደረገ። በቃ። የጎደለው በደህናው ላይ ተጻፈበት። ሞጁሎቹን ፈልጌ መልሼ ብጭናቸውም ገና እንደተወለዱ ሆነው ነው የመጡት። ኖቦቻቸው (እየተሽከረከሩ ድምፁን የሚያስተካክሉት ቁልፎች) ሁሉ መነሻቸው ላይ ቆመዋል።

ምን ነበረበት አንድ ባዶ ሳጥን የጠፋውን ሞጁል ስም ይዞ ቦታው ላይ ቢቆይ? ኬብሎቹም እንደተሰኩ ይቆዩ። የኖቦቹ ቁጥሮችም ፋይሉ ውስጥ ይቀመጡ። ሞጁሉ ተመልሶ ሲጫን ሁሉም ካቆመበት ይቀጥል። ሴቭ ባደረግኩ ቁጥር ደግሞ የቀድሞው ቅጂ አይጥፋ። ፓች እኮ በአብዛኛው የጽሑፍ ያህል ትንሽ ፋይል ነው፤ መቶ ቅጂ ቢቀመጥ ቦታ አይጨርስም።

የብረቱ ሞጁላር ይረሳል፣ እውነት ነው። ኬብሉን ከነቀልክ ድምፁ ሄደ። ለዚህ ነው ባለቤቶቹ ከመንቀላቸው በፊት ፎቶ የሚያነሱት፣ የኖቦቹን አቅጣጫ ወረቀት ላይ የሚስሉት። ብረት ነዋ፣ ምን ይደረግ። ኮምፒውተር ግን ማስታወስ ሥራው ነው። ሶፍትዌር ሠሪዎቹ የብረቱን ውበት ሲቀዱ ችግሩንም አብረው ቀዱት።

ኬብሎቹን ተመልከቱ። እንደ እውነተኛ ሽቦ ረግበው ይንጠለጠላሉ። 10 ሲሆኑ ያምራሉ። 74 ሲሆኑ ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ነው። አንዱ ሰማያዊ ኬብል የት እንደሚገባ ለማወቅ ስክሪኑን ወደ ጎን እየጎተትኩ በዓይኔ እከተለዋለሁ፤ መሃል ላይ ከሌላ ሰማያዊ ጋር ይቀላቀልብኛል፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ማውሱን አንዱ ላይ ሳሳርፍ ሌሎቹ ቢደበዝዙ፣ ሁለቱ ጫፎች ቢበሩ፣ ኬብሉ ላይ «ይሄ ፊልተሩን የሚከፍተው ነው» ብዬ ብጽፍበት ምን ያህል በተገላገልኩ! ሀያ ሞጁል ጠቅልዬ አንድ ሳጥን ውስጥ ላስገባ፣ የምፈልጋቸውን ሦስት ኖቦች ብቻ ውጭ ላስቀር ብልም እኔ በምሠራበት ሶፍትዌር መንገድ የለም።

ኖቡም ሌላ ጣጣ ነው። በብዙዎቹ ሞጁሎች የቃናውን ከፍታ የሚወስነው ቮልት ነው፤ 1 ቮልት ማለት አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ቃና እስከ ቀጣዩ ከፍ ያለ ተመሳሳይ ቃና ያለው ርቀት) ነው። በመካከሉ 12 ሰሚቶን አለ። እያንዳንዱ ሰሚቶን ደግሞ 100 ሴንት ነው። እንግዲህ አስሉት፦ ኖቡ 0.01 ቮልት ብቻ ቢንሸራተት ቃናው በ12 ሴንት ይዛባል። ሁለት ኦሲሌተር አብረው ሲጮሁ ይሄ ጥርት ብሎ ይሰማል። እኔ ግን የጥፍሬን ግማሽ የምታህል ኖብ በማውስ እያሽከረከርኩ አልፋዋለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ አልፋዋለሁ። አንዳንዱ ሞጁል ቁጥሩን በኪቦርድ እንድጽፍለት ይፈቅዳል። ሌላው በጭራሽ። ለምን ሁሉም አይፈቅዱም?

ላፕቶፑ ሲጨነቅና ድምፁ መቆራረጥ ሲጀምርም ጥፋተኛውን ለማግኘት ሞጁል እያጠፋሁ እሞክራለሁ። የትኛው ከላፕቶፑ አቅም ስንት እየበላ እንደሆነ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ቢታይ ጥሩ ነበር።

እነዚህን ሶፍትዌሮች የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ይለፋሉ። ብዙ ሞጁሎችን በነፃ የሚሰጡን በትርፍ ጊዜያቸው እየሠሩ ነው፣ አመሰግናቸዋለሁ። ግን አፕዴት በመጣ ቁጥር አዲስ ፊልተር፣ አዲስ ኦሲሌተር። ኧረ ፊልተር ሞልቶኛል! ያለኝን መልሼ የማገኝበትን ስጡኝ። ለእሱ ክፈል ብትሉኝ ዛሬውኑ እከፍላለሁ።

የዚያ ፓች የ40 ሰከንድ የድምፅ ቅጂ ስልኬ ውስጥ ተገኝቷል። ከጠዋት ጀምሮ በጆሮ ማዳመጫ እየደጋገምኩ እሰማዋለሁ፤ ኬብል እሰካለሁ፣ እነቅላለሁ፣ ደግሞ እሰማለሁ። ከ11ዱ 4ቱን ያገኘሁ ይመስለኛል። ዝማሬው ገና አልመጣም።