ከአንድ የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴ? አዎ

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር «በጃንሆይ ዘመንም የምርጫ ክልል የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ነበር» ሲባል እያየሁ ነው። ወዳጆቼ፣ እንዲህ አልነበረም። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት አገሩን 200,000 ያህል ሕዝብ ባላቸው የምርጫ ክልሎች ይከፍልና ለእያንዳንዱ ሁለት እንደራሴ (የፓርላማ ተወካይ) ይሰጥ ነበር። ከ30,000 በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ ደግሞ ለብቻው አንድ፤ ከዚያ በላይ ለሚጨምረው ለየ50,000ው አንድ ይታከልለት ነበር። አንድ የምርጫ ክልል አንድ ተወካይ የሚለው የዛሬው ሥርዓት ነው።

ስህተቱ ቀላል አይደለም። ለአንድ የምርጫ ክልል በዚያ ዘመን እንደራሴ ነበሩ የተባሉ የሁለት ሰው ስም ያየ ሁሉ «አንዱ ውሸታም ነው» እያለ የሰው አያት ያማል! ሁለቱም ተመርጠው ሊሆን ይችላል። የተጠራጠረ የ1948ቱን ሕገ መንግሥት ያውጣ፤ ስለ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት (እንደራሴዎቹ ስለሚቀመጡበት ምክር ቤት) የሚለውን ክፍል ያንብብ።