ለመስመር ዳር መምህራን የቀረበ ምስጋና

የታዳጊዎች ውድድር የሕይወት ክህሎት ያስተምራል ሲባል ብዙ ሰው ትምህርቱ የሚገኘው ከጨዋታው ይመስለዋል፤ እውነተኛው መምህር ግን ከመስመሩ ዳር ቆሞ ጉሮሮው እስኪዘጋ የሚጮኸው አዋቂ ስለሆነ ምስጋናው ለእርሱ ይገባል።

በራስ መወሰን የሚባለውን ክህሎት እንውሰድ። የአሥር ዓመቱ ልጅ ኳሷን ተቆጣጥሮ ቀና ሲል አባቱ «ምታ!»፣ አሰልጣኙ «አቀብል!»፣ የጓደኛው እናት ደግሞ «ወደ ኋላ መልስ!» ይሉታል፤ ሁሉንም ለማክበር ዘወር ዘወር ሲል ተከላካዩ ኳሷን ነጥቆት ይሄዳል። ወዲያው ሦስቱም በአንድ ድምፅ «ለምን አታስብም?» ብለው ይጮኹበታል። ወቀሳው ተገቢ ነው፤ ሦስት ሰው እያሰበለት አራተኛ ሐሳብ ማምጣት አለመቻሉ በእርግጥ ያሳፍራል።

ስሜትን መግዛትም የሚሰጠው በተግባር ነው። ዳኛው፣ ብዙ ጊዜ ራሱም ገና ፊሽካ መያዝ የሚለማመድ ወጣት፣ ቅጣት ምት በሰጠ ቁጥር ትልልቆቹ አጥሩን እየደበደቡ ዘር ማንዘሩን ያነሱበታል፤ ልጆቹም ወገባቸውን ይዘው፣ ትልልቆቹ እስኪበርዱ በጨዋነት ይጠብቃሉ። ትዕግሥት በበኩሉ የተቀያሪ ወንበር ትምህርት ነው፤ የጫማውን ክር ደጋግሞ እየፈታ ሲያስር ውድድሩ ያለቀበት ልጅ በማዕረግ ተመርቋል።

ሐቀኝነት ላይ ስንደርስ ውለታው ይበዛል፤ ከልጅ ዕድሜ ላይ በሰነድ ሁለት ሦስት ዓመት ቀንሶ ወደ ሜዳ እንደ መላክ ያለ የሥነ ምግባር ትምህርት ከየት ይገኛል? ፊፋ ይህ ጥበብ ስላልገባው ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 ባስተናገደችው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ የሰውነትን ውስጥ በምስል በሚያሳየው ኤምአርአይ መሣሪያ ማስመርመር ጀመረ። የአንጓው አጥንት ማደጊያ፣ ማለትም አጥንቱ የሚረዝምበት ለስላሳ ክፍል፣ ሙሉ በሙሉ ከተጋጠመ ባለቤቱ ከ17 ዓመት ለማለፉ ብርቱ ማስረጃ ነው፤ አጥንት ደግሞ እንደ ልደት የምስክር ወረቀት በዘመድ አይታረምም።

ይህ ሁሉ በረከት የቀረባቸው ሕዝቦችም አሉ። የኖርዌይ የስፖርት ደንብ ከ11 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የውጤት ሰንጠረዥና ደረጃ እንዳይወጣ፣ ከ13 በታች ላሉትም ብሔራዊ ሻምፒዮና እንዳይካሄድ ለዓመታት ከልክሏል። የሚጮኽባቸው አጥተው፣ ደረጃቸውን ሳያውቁ ያደጉት እነዚህ ምስኪኖች እ.ኤ.አ. በ2022 በቤጂንግ የክረምት ኦሎምፒክ 16 የወርቅ ሜዳሊያ ሰብስበው በወርቅ ብዛት አንደኛ ወጡ፤ ይህ ግን የአገራቸው በረዶ ብዛት እንጂ የአስተዳደጋቸው ውጤት ሊሆን ከቶ አይችልም።