የጥናት መረጃ አያያዝ፦ እቅዱ ግዴታ ይሁን?

የመከራከሪያ ነጥቡ፦ ማንኛውም ተመራማሪ መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት የመረጃ አያያዝ እቅዱን፣ ማለትም መረጃው ለምን እንደሚውል፣ እንዴት እንደሚጠበቅና ለማን እንደሚሰጥ የሚገልጸውን ሰነድ፣ በጽሑፍ የማቅረብ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደጋፊ፦ በአሜሪካዋ የአሪዞና ግዛት በሚኖሩት ሃቫሱፓይ በተባሉ ነባር ሕዝቦች ላይ የደረሰውን ላንሳ። ከ1990 ጀምሮ ለተመራማሪዎች ደማቸውን የሰጡት የስኳር በሽታ ስላስጨነቃቸው ነበር። ያው ደም ግን ስኪዞፍሬኒያ የተባለውን ከባድ የአእምሮ ሕመምና የቀደምት አባቶቻቸውን ፍልሰት ለሚመለከቱ ጥናቶችም ዋለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2010 በስምምነት ሲያልቅ 700,000 ዶላር ተከፈላቸው፤ የቀረው የደም ናሙናም ተመለሰላቸው። ናሙናው ለምን እንደሚውል፣ ለማን እንደሚተላለፍና መቼ እንደሚወገድ አስቀድሞ በግልጽ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ይታወቅ ነበር።

ተቃዋሚ፦ ምስክርዎ ለእኔ ወገን የሚናገር ይመስለኛል። ሰዎቹ የፈረሙበት ወረቀት እኮ ነበር! ወረቀቱ ዓላማውን የባሕርይና የጤና መታወክን መንስኤ ማጥናት ነው ብሎ አስፍቶ አስቀምጦታል። ሰዎቹ የሰሙት ስለ ስኳር በሽታ ነው፤ የፈረሙት ግን ለሁሉም ነገር ሆነ። ግዴታ ሲበዛ የሚበዛውም እንዲህ ያለው ጽሑፍ ነው። ከፕሮጀክቱ ስም በቀር ቃል በቃል የተገለበጡ እቅዶች ያላጋጠሙት ገምጋሚ ካለ እድለኛ ነው።

ደጋፊ፦ ጽሑፉ ልቅ ከሆነ መልሱ ጠበቅ አድርጎ መጻፍ ነው እንጂ መጻፉን መተው አይደለም። ደግሞም ጉዳቱ ያለ ፈቃድ መጠቀም ብቻ አይደለም። በ2014 የወጣ ጥናት የ516 ሳይንሳዊ ጽሑፎችን መረጃ ሲያፈላልግ፣ መረጃው ዛሬም የመገኘት እድሉ ጽሑፉ አንድ ዓመት ባረጀ ቁጥር በ17 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የደራሲው ኢሜይል ይዘጋል፣ ፋይሉ ዛሬ ሊነበብ በማይችል ዲስክ ላይ ይቀራል። የሌሎችን ጊዜና ገመና ተቀብሎ እንዲህ ማባከንም የሥነ ምግባር ጉድለት ነው።

ተቃዋሚ፦ ቅጂ ይያዝ፣ አንዱም ሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ በዚህ አልከራከርም። የእኔ ጥያቄ እቅዱ ሊያየው ስለማይችለው ነገር ነው። በ1990ዎቹ በአሜሪካዋ የማሳቹሴትስ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞች የሕክምና መረጃ ስም ተሰርዞለት ለተመራማሪዎች ተሰጠ። ላታንያ ስዊኒ የተባለች ተማሪ የመራጮችን መዝገብ ገዝታ የትውልድ ቀንን፣ ጾታንና የመኖሪያ አካባቢን የፖስታ ኮድ በማመሳከር የአገረ ገዢውን የዊልያም ዌልድን የሕክምና መዝገብ ለይታ አወጣች። መረጃውን ለተመራማሪዎች ያስተላለፉት ኃላፊዎች ስም መሰረዝ ይበቃል ብለው ነበር። መረጃው በወጣበት ቀን በቂ መስሎ የታየው ጥበቃ ሌላ መዝገብ ከጎኑ ሲቀመጥ ፈረሰ። ተመራማሪው ግን የጸደቀ እቅድ ስላለው ልቡ ተረጋግቶ ይቀመጣል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ መረጋጋት ነው።

ደጋፊ፦ እውነት ነው፤ እቅዱ አንድ ጊዜ ጸድቆ መሳቢያ ውስጥ ከገባ ዋጋ የለውም። ስለዚህ የሚከለስበት ቀን፣ መረጃውን ማን በምን ሁኔታ እንደሚያይና ስጋት ሲፈጠር የማገድ ሥልጣን ያለው ሰው ይጻፍበት። ሁሉም መረጃ ለሁሉም ክፍት ይሁን አላልኩም። ለጥናት ገንዘብ የሚሰጡት የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማትም ከጥር 2023 ጀምሮ እቅድ ሲጠይቁ፣ አፈጻጸሙን በየጊዜው በሚቀርበው ሪፖርት መከታተልን ጨምረውበታል።

ተቃዋሚ፦ እንግዲህ አሁን የሚሟገቱት ስለ ወረቀት ሳይሆን ስለ ሰው ነው። መረጃውን በየጊዜው የሚፈትሽ ባለሙያ ደመወዝ ተመድቦለት ይቀጠር ቢሉኝ ዛሬውኑ እደግፋለሁ። ብዙ ጊዜ የምናየው ግን ግዴታው ያለ ገንዘብ መጥቶ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ትከሻ ላይ ሲወድቅ ነው።

ደጋፊ፦ ያ ደመወዝ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት እቅዱ ላይ ካልሰፈረ ከየትኛው በጀት ሊከፈል ነው?