ከማዕዱ አትራቁ

የሐዋሳ ወገኖቼ፣ ዛሬ ፊት ለፊት እንነጋገር። መካነ ኢየሱስ ሆንን ቃለ ሕይወት ወይም ሙሉ ወንጌል፣ አንድ ነገር ላይ ልዩነት የለንም፦ ሰው የሚጸድቀው በእምነት እንጂ በሥራ አይደለም። ልጆቻችን እንኳ ኤፌሶን 2፥8ን በቃላቸው ይሉታል። ታዲያ እርስ በርስ ስንተያይ ለምን ሥራ እንቆጥራለን?

አዳር ጸሎት የቀረውን በጎሪጥ እናየዋለን። ሳታገባ ያረገዘች ልጅ ስትቀመጥ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ይቀራል። ከጫት ሱስ ጋር የሚታገል ወጣት በር ላይ ብቅ ሲል "ደግሞ መጣ?" እንባባላለን። ከአምልኮ በኋላ ሐይቅ ዳር ሻይ ልንጠጣ ስንወጣም የምንጠራው ቢጤያችንን ብቻ ነው። ይህ ነውር ነው። ወንጌልን መካድ ነው።

ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ገላትያ 2ን አንብቡ። ጴጥሮስ በአንጾኪያ ካልተገረዙት፣ አይሁድ ካልሆኑት አማኞች ጋር ይበላ ነበር። ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን የተገረዙትን አይሁድ ፈርቶ ከማዕዱ ራቀ። ሌላ ትምህርት አስተማረ አልተባለም፤ አብሮ መብላቱን ተወ፣ በቃ። ጳውሎስ በሁሉ ፊት ገሠጸው። ሰው በክርስቶስ በማመን እንጂ በሕግ ሥራ አይጸድቅም የሚለውን ቃል የጻፈልንም ይህንኑ የማዕድ ጠብ ሲተርክ ነው።

አብርሃምንም አስቡ። አምኖ ጽድቅ ሆኖ የተቆጠረለት ዘፍጥረት 15 ላይ ነው። የተገረዘው ምዕራፍ 17 ላይ ነው፤ በመካከሉ እስማኤል ተወልዶ 13 ዓመት ሞልቶታል። እግዚአብሔር እስኪገረዝ ያልጠበቀውን ሰው፣ እኛ "መጀመሪያ ይስተካከል" የምንለው በማን ሥልጣን ነው?

"ሥራ ይቅር እንዴ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። አይቅር! እዚያው ኤፌሶን 2 ላይ፣ ቁጥር 10፣ ለመልካም ሥራ ተፈጠርን ይላል። ሚዛን የምታጎድሉ ነጋዴዎች፣ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ የምትይዙ ቀጣሪዎች፣ "በእምነት ጸድቄአለሁ" በሚል ቃል አትደበቁ። ያዕቆብ እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው ያለው እንደ እናንተ ላለው ነው። ሥራ ግን የመግቢያ ክፍያ አይደለም። ልጅቷን መምከር ካስፈለገም አብሮ በልቶ ይመከራል።

ሽማግሌዎች፣ እናንተ ቅደሙ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ያቺን ልጅ በስሟ ጠርታችሁ ምሳ ጋብዟት። ምእመናኑ እያዩ አብራችኋት ብሉ።