ሙያ በልብ ነው፤ አክንባሎውስ?

አክስቴ አራት ኪሎ ከሚገኘው ቤቷ ከሠላሳ ዓመት በላይ እንጀራ ጋግራለች። ስትሮክ ከመታት በኋላ ለወራት ፊዚዮቴራፒ ተመላለሰች። በመጨረሻው ቀጠሮ ቀኝ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አነሳች፤ «በጣም ጥሩ ነው» ተብላ ተሰናበተች። እቤት ስትመለስ የመጀመሪያ ሥራዋ ምጣዱን ማሰስ ነበር። ሊጡን በግራ እጇ አዞረችው፤ ዳሩ ትንሽ ተዛነፈ እንጂ አልከፋም። አክንባሎው ላይ ስትደርስ ቆመች። መያዣው መሃል ላይ ያለ ትንሽ ጉጥ ነው፤ ጣቶቿ አልጨብጥ አሉ። እንደምንም ገፋ ስታደርገው እንፋሎቱ አንጓዋን ለበለባት። «ተይው በቃ፣ ከሱቅ እንገዛለን» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማድ ቤት መግባት ትታለች።

ክንድ በመነሣቱና እንጀራው በመውጣቱ መካከል ያለውን ክፍተት ሥራዬ ብሎ የያዘ ሙያ አለ፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል፤ የታመመ ወይም የተጎዳ ሰው የዕለት ሥራውን መልሶ እንዲሠራ ያግዛል። አሜሪካ ውስጥ ማኅበሩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ የዓለም ፌዴሬሽኑ ደግሞ በ1952። «የሙያ ሕክምና» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ ሥራ ማስቀጠር ይመስላል ብለው የሚቃወሙም አልጠፉም። እኔ ትርጉሙን እወደዋለሁ። አማርኛችን «ባለሙያ ሴት» ሲል ቢሮ የምትውለዋን ብቻ ማለቱ አይደለም። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የአክስቴም ሙያ ልቧ ውስጥ እንዳለ ነው። ያስቸገራት ጉጡ ነው።

በአገራችን የዚህ ሙያ ትምህርት የተጀመረው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከካናዳው ኲንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ። ምሩቃኑ ለሁለተኛ ዲግሪ ሲቀመጡ የመመረቂያ ጽሑፋቸው ምን ይሆናል? ስጋቴን ልናገር። በጤናው ዘርፍ የለመድነው «ስርጭቱና ተያያዥ ምክንያቶቹ» የሚል ርዕስ፣ የሚበተን መጠይቅ፣ ከዚያ መደርደሪያ ነው። ስርጭትን ማወቅ አይጠቅምም አልልም። ግን የአክስቴን ችግር ለማወቅ አራት መቶ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም፤ አንድ ቀን አብሯት ምጣድ ሥር የሚቆም ተማሪና አንድ በያጅ ይበቃሉ።

የመመረቂያ ጽሑፉ ከኢንዱስትሪ ጋር ተጣምሮ ይሠራ የምለው ለዚህ ነው። ኢንዱስትሪ ሲባል ቶሎ የሚታየን ትልቅ ፋብሪካ፣ የመግባቢያ ሰነድ ፊርማና የቡድን ፎቶ ነው። ለዚህ ሙያ ግን ዋናው አጋር መርካቶ ምናለሽ ተራ ላሜራ ሲቀጠቅጥ የሚውለው ሰው ሊሆን ይችላል። እንግሊዞች ይህን በሥርዓት ይዘውታል። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በሚሠራ መርሐ ግብር አንድ ምሩቅ ድርጅት ውስጥ ገብቶ የድርጅቱን ችግር ይፈታል፤ ዩኒቨርሲቲው ያማክረዋል፤ ወጪውን መንግሥትና ድርጅቱ ይጋራሉ። ትናንሽ ድርጅቶች የሚከፍሉት ድርሻ አነስ ይላል። ይህቺ የመጨረሻዋ ነጥብ ለኛ በያጆች ወሳኝ ናት።

ትልልቆቹ ድርጅቶችም ቢሆኑ ተማሪ ሲቀበሉ ውለታ መዋላቸው አይደለም። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ያዛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ደግሞ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂው አሠሪው ነው ይላል። «ተስማሚ» ማለት የወንበር ከፍታ ነው? የፔዳል ክብደት? የፈረቃ ርዝመት? ስፌት ማሽን ላይ የሚውልን ሰው አንጓ ለክቶ ይህን የሚመልስ ባለሙያ ሲገኝ ድርጅቱ ካሳ ከመክፈል ይድናል።

ጥርጣሬ የለኝም ማለት ግን አይደለም። ገንዘቡን ያወጣ ውጤቱንም ልምረጥ ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ውሉ ሲፈረም ተማሪው ያገኘውን፣ ለድርጅቱ ባይጥምም፣ የማሳተም መብቱ በግልጽ ይጻፍ። ታካሚዋም መለኪያ ብቻ ሆና እንዳትቀር፤ ዲዛይኑ ሲመረጥ ትጠየቅ፣ ለጠፋው ጊዜዋም ይከፈላት። ሌላው ጣጣ የጊዜ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ በሴሚስተር ያስባል፣ በያጅ በቅዳሜ።

ባለፈው ወር የአክስቴን አክንባሎ በማዳበሪያ ጠቅልዬ መርካቶ ይዤ ወረድኩ። ጎን ለጎን እንደ በር በማጠፊያ ቢያያዝና ረጅም እጀታ ቢኖረው ብዬ ለአንዱ ባለሙያ አስረዳሁት። ገልበጥ አድርጎ አየው። «ይሠራል፤ ማን ጠይቆን ያውቃል?» አለ። ቀጥሎ እሱ ይጠይቀኝ ጀመር። ስንት ኪሎ ታነሳለች? እጀታው ከወገቧ በላይ ይሁን በታች? ስትከፍተው በግራ ነው በቀኝ የምትቆመው? ክንዷ ሲደክማትና ክዳኑን ስትለቀው ተመልሶ እጇ ላይ እንዳይወድቅ ምን ላድርግለት?

አንዱንም አልመለስኩለትም። አክንባሎው እስካሁን እሱ ጋ ነው።