ማስተካከያ፦ የማንበቢያ መነጽር ዓይን አያሰንፍም

ባለፈው ሳምንት በዕድሜ ምክንያት ቅርብ ያለውን ማንበብ ስለማቃት ስጽፍ «መነጽር ቶሎ የጀመረ ሰው ዓይኑ ይሰንፋል፤ በተቻለ መጠን ማዘግየት ነው» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ የዓይን ሕክምና መማሪያ መጻሕፍት እንዲህ አይሉም።

ዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ በልጅነት ለስላሳ ስለሆነ ቅርብ ስናይ ጎበጥ ይላል። ከዕድሜ ጋር እየደደረ ይሄዳል፤ 40 ዓመት ገደማ ላይ ይታወቀናል፣ እስከ 60ዎቹ መጀመሪያም ይጨምራል። መነጽር ቢደረግም ባይደረግም። ከፕላስ 1 ወደ ፕላስ 2 (ጠንከር ወዳለው መነጽር) የሚያሸጋግረን ዕድሜው ሆኖ ሳለ መነጽሩን እናማለን፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

ሐረር፣ የልብስ ሰፊዎቹ ጎዳና መኪና ግርግር ጎራ ያለ ሰው ነገሩን ያየዋል፦ ጎልማሳው ልብስ ሰፊ ክሩን በምራቁ አሹሎ፣ መርፌውን ክንዱ እስኪያልቅ አርቆ፣ ወደ ብርሃን ዞሮ ሦስቴ ይስታል።

ጽሑፌን አምናችሁ መነጽራችሁን ያስቀመጣችሁ ዓይናችሁ አልተጎዳም፤ ራስ ምታቱን ግን በከንቱ ነው የቻላችሁት። መልሳችሁ አድርጉት። ገና የምትገዙ ደግሞ አስቀድማችሁ ተመርመሩ፤ ግላኮማ ከ40 በኋላ እየበዛ የሚሄድ፣ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የማያሳይ የዓይን በሽታ ነውና። የቀድሞውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ።