ለወረዳችን ነዋሪዎች በሙሉ

የወረዳችን ማስታወቂያ ሰሌዳ መስታወት አለው። መስታወቱ ቁልፍ አለው። ቁልፉን የያዘው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ መስክ ላይ ነው። ስለዚህ አዲስ ማስታወቂያ የሚለጠፈው ከውጭ ነው። ውስጥ ያሉት እንደታሰሩ ቀርተዋል።

የበጀት ውይይት ጥሪ የሚወጣው እዚህ ነው። አንዲት ወረቀት ናት፤ ከጨረታው ሥር፣ መታወቂያ የጠፋበት ሰው ፎቶ ጎን ትወሸቃለች። «ለወረዳችን ነዋሪዎች በሙሉ» ትላለች። ክቡ ማኅተም ያረፈው ልክ ቀኑ ላይ ነው። ሰዓቱ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ከጠዋቱ 2:30።

ግብር ሲሆን ሰሌዳ የሚባል ነገር የለም። ሐምሌ ሲገባ ሞንታርቦ የጫነች መኪና ሰፈሩን ታዳርሳለች። ስልክህ ላይ «ውድ ግብር ከፋያችን» ይመጣል። ይህንን ሁሉ አልሰማሁም ብትል እንኳ፣ አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ወረዳ ትሄድና «ክሊራንስ አምጣ» ትባላለህ። ያኔ ትሰማለህ።

በ2015 አዲስ አበባ ላይ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ሲሻሻል፣ የሰፈሬ ሰው ጭማሪውን ያወቀው መክፈያ መስኮቱ ላይ ቆሞ ነው። መቼም ግብሩ አዲስ አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 80 የወጣው በ1968 ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የድሮው ሂሳብ ለብዙ ቤት የቀልድ ያህል ነበር። ጨምሩ፣ ግድ የለም። ግን አስቀድሞ መንገር ምን ነበረበት? አንዱ ጎረቤቴ «ጣሪያዬ ያፈሳል፤ በግድግዳው ብቻ አስከፍሉኝ» ብሎ ተከራክሯል። አልሰሙትም።

ጥር 2017 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጸደቀ። የቤት ግምት ከገበያ ዋጋ ጋር ሊያያዝ ነው። ከዚያ ወዲህ «ቤታችሁ እንዴት ያምራል!» የሚል እንግዳ ሲመጣ እንደነግጣለን። አጥር ቀለም ሊቀባ የነበረው ሰውም ረጋ ብሏል።

ወደ በጀቱ ልመለስ። የውይይቱን ቀን የነገረን የወረዳው ጥበቃ ነው። 2:30 የተባለው 4 ሰዓት ተጀመረ። ሰብሳቢው «መደበኛ ወጪ»፣ «ካፒታል በጀት» እያለ ሠንጠረዥ አነበበ። ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ የተቀመጡ እናት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ በራችን ላይ ያለው የመንገድ መብራት ከጠፋ ቆየ። እዚያ ወረቀት ላይ አለ?»

«እናቴ፣ በጣም ጥሩ ሀሳብ ነው። በግብዓትነት ወስደነዋል።»

«አምናም ወስዳችሁት ነበር። እስቲ መልሱልኝ።»

አዳራሹ ሳቀ፤ ሰብሳቢውም ሳቀ። «ሰዓታችንን እንጠቀም» ብሎ ወደ ሠንጠረዡ ተመለሰ። የታሸገ ውኃ ታደለ፣ ፎቶ ተነሳ። ማታ «ከነዋሪዎች ጋር ሰፊና ፍሬያማ ውይይት ተካሄደ» የሚል ዜና ወጣ። ይሄኛው ዜና መቼም ሁሉም ስልክ ላይ ደርሷል። ፎቶው ላይ ከፊት ረድፍ የተቀመጡት በሙሉ የወረዳው ሠራተኞች ናቸው።

ሊበተን ሲል የስም መመዝገቢያ ወረቀት ዞረ። እናትየዋ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን ያዙና ቆም አሉ።

«ይሄ ፊርማ የምንድነው?»

«የተገኛችሁበት ነው፣ እናቴ።»

«የመገኘት ግብርም ጀመራችሁ?» አሉና ሳይፈርሙ ወደሚቀጥለው ሰው አሳለፉት።